ከአጭሩ ጥርስ ጀምር

ደቡብ ኢስቶኒያ፣ ቮሩ፣ ከገበያው ዳር፣
በመጋቢት ጭቃ ሄልቬ ቆማለች ከአንድ ባልዲ ጋር።
ወንበር አይደል፣ ሰዓት አይደል የምትሸጠው፣
አሥራ አንድ ሰንሰለት ነው፣ ዝገት አንድ ላይ የገመደው፤
የሞተር መጋዝ ሰንሰለት፣ እርስ በርሱ ተጠማዞ፣
ከባልዲው አፍ ብቅ ያለ፣ የከረመ ዘይት ይዞ።

«ስንት?» አልኳት። «አሥራ ሁለት ዩሮ፣ ባልዲውን ጨምሬ።»
«ዶልዱም ናቸው» አልኩ፣ ጥርሱን በአውራ ጣቴ ሞክሬ።
«ይዶለዱማል እንጂ! ኢልማር ካረፈ ሁለት ክረምት ሆነው፤
ሞረድ ያለው ይወስደዋል፣ የሌለው መንገዱ ያው።»

ከፈልኩ።
አዲሱ በሱቅ ሞልቷል፣ በካርቶን ታሽጎ፤
የኔ ኪስ አሮጌ ይወዳል፣ ተገዶም ፈልጎ።

ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤
በሦስተኛው ቀን ዝገቱ አተላ ሆኖ ተዋቸው።
በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ዘለበት በዘለበት ቆጠርኩ፤
ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት፣ እንደገናም ሃምሳ ስድስት አልኩ።
አንዷ ግን ሚስማር ነክሳለች፣ ከድሮ አጥር ቀርቶ ግንድ የዋጠው፤
ሦስት ጥርሷ ሰማያዊ ሆኗል፣ እሳት እንደላሰው።
እሷን ለቁራሌ። ቀሩ አሥር።

የስለት ደንብ ያስተማረኝ አርቮ ነው፣ የጫካ ዘበኛው፤
ቁጡ ሰው ነበር፤ ሲናገር ግን እንዲህ ነው፦
«መጀመሪያ አጭሩን ጥርስ ፈልግ፤ ጠመኔ ቀባበት፤
ረጅሙን ሁሉ እየሞረድክ እሱ ቁመት አድርስበት።
አጭሩ አያድግልህም፣ ብረት ጥፍር አይደለም፤
አጭሩን የናቀ ሞራጅ ቀጥ ያለ እንጨት አያይም።»
ሞረድም ወደፊት ብቻ ነው፤ ሲመለስ ብረት አይነካ፤
ይህን ሳላውቅ በጎረምሳነቴ ስንቱን አዶለዶምኩ ለካ።

የመጀመሪያዋን ሞርሳ ላይ አሰርኩ፣ መብራቱን አቀረብኩ።
የቀኝ ጥርሶቿ ረጃጅም፤ የግራዎቹ ተበልተው
ጉቶ ቀርተዋል።
ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋም።
አሥሩም።
አንድ ቀን የሳተ እጅ እንዲህ አያደርግም፤
ይህ የዓመታት ፊርማ ነው፣ ብረት ላይ የተፈረመ፣
አንዱን ጎን ሲያሻ የበረታ፣ ሌላው ላይ የደከመ።
ሰውየውን አላውቀውም። ግን እጁን ያዝኩት መሰለኝ።

ዘጠኝ ማታ፣ ዘጠኝ ሰንሰለት። ሁሉን ከአጭሩ አስተካከልኩ።

በግንቦት ሄልቬ ደወለች፤ የወደቀ ጥድ ነበራት።
ሄድኩ፤ ከራሷ ብረት ሠርቼ፣ በስል ሰንሰለት ቆረጥኩላት።
ሰጋቱራው ዱቄት አይደለም፤ ፍሬ ፍሬው የለየ፣
እንጨቱ ቀጥ፣ እንደ ዳቦ ቁራጭ፣ ማን እንዲህ ያለ አየ!

እሷ ትከምራለች፣ ክምሩ ይናዳል።
እንደገና ትከምራለች፣ ይናዳል።
በመጨረሻ ግንድ ላይ ተቀመጠች።
«እንጨትህ ቀጥ ብሏል» አለች፣ እንደ ስሞታ።
«የኢልማር ሰያፍ ነበር። መጋዝህ ሰክሯል እለው ነበር።
ሰያፉን ከሰያፍ እያጋጠምኩ አርባ ክረምት ከመርኩ፤
አንድም ቀን አልተናደብኝ።»

«ትከሻውን ያመው ነበር?» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ።
«ማን ነገረህ?»
«ጥርሶቹ።»
«ለኔም አልነገረኝም» አለች፤ «ግንድ መትቶት ኖሯል፤
ዓመቱን ከክምሩ ነው ያወቅሁት፣
እንጨቱ መዝመም የጀመረ ክረምት።»

አሥረኛዋ ሰንሰለት ገና ሞርሳ ላይ ነበረች፣
አጭር ጥርሷ ላይ የጠመኔ ነጥብ ይዛ።
ነጥቡን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ።
ረጅሙን በረጅምነቱ፣ አጭሩን በአጭርነቱ ሳልኩ፣
ዘይት አጠጣኋት።
የሄልቬን እንጨት ስቆርጥ እሷን ነው የምገጥም።
አርቮ ቢያይ ሞረዱን ይቀማኛል።
መጋዙ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤
ይጎትት።