የተዘጋ መስመር

ሃያ ስድስት ዓመት ትራም ስነዳ በሃኮዳቴ፣
ሽንት መቋጠር ሙያዬ ነው፤ ሰዓት ማክበር ኩራቴ።
ከመርከብ መጠገኛው እስከ ፍል ውሃው፣ አርባ ስምንት ደቂቃ፣
ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ፣ ተሳፋሪ ሳይነቃ።

ያን ለት ግን፣ በየካቲት፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ኋላ፣
በሠራተኛው መጸዳጃ፣ ነጩ ሸክላ ቀላ።
ሕመም የለ። ማቃጠል የለ።
እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ዝልግልግ ነገር ተከተለ።
ውሃውን ለቀቅሁ፣
እጄን ታጥቤ ጓንቴን አጠለቅሁ፤
በሰዓቴ ተነሣሁ።

ለፉሳኤ አልነገርሁም። ሚስት የባሏን ዝምታ
ከሳሉ ለይታ ታውቃለች፤ ጠበቀችኝ እስከ ማታ፣
እስከ ሌላም ማታ።
«ሱሪህን አጥቤዋለሁ» አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር።
በነጋው ክሊኒክ ሄድሁ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ሳቀረቅር።

«ኢንፌክሽን ነው» አሉኝ፤ ኪኒን፣ አንድ ሳምንት።
«ኢንፌክሽን ነው» አሉኝ ደግሞ፤ ኪኒን፣ ሁለት ሳምንት።
ደሙ ግን ያልሰማ መሰለ፤ ይመጣል በሰዓቱ፣
እንደኔው፣ ዝንፍ ሳይል። አቤት ሥርዓቱ!

ሂሩማ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት የኋላ ኋላ
ቀጭን ካሜራ ያስገባችልኝ። (ስለዚያ አልናገርም ሌላ።)
በስክሪኑ ላይ አየሁት የገዛ ፊኛዬን ጣሪያ፤
ሮዝ ነው፤ ደም ሥሩ የተሰመረበት፣ እንደ ፌርማታ ማሳያ፤
ከመሃሉ ቁልቁል የሚያየኝ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ያበጠ፣
እንደ አምፖል የተሰቀለ ነገር። እስትንፋሴ ተቋረጠ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ በእስክሪብቶ ሣለችልኝ፤
«ሳይወለዱ በፊት፣ ከፊኛዎ እስከ እምብርትዎ መንገድ ነበረ» አለችኝ።
«ሁላችንም ነበረን። ስንወለድ ይዘጋል፤
ክር ሆኖ ይቀራል። ሰው እንዳለው ሳያውቅ ያረጃል።
እርስዎ ክር ላይ ነቀርሳ በቀለ።
ከሚሊዮን አንድ ሰው ቢያገኘው ነው፤ እኔም ያየሁት ሁለት።
የቀረውን ከመጽሐፍ ነው።» ወደድኋት ስለዚች እውነት።

የተዘጋ መስመር! ይሄንስ አውቀዋለሁ፤
ከገበያው ማዶ አስፋልት ሲቆፍሩ አይቻለሁ፤
በልጅነቴ የቀረው ሐዲድ፣ ከሥር፣ ዝጎ ተኝቶ፣
ማንንም ሳይጠብቅ፣ አቅጣጫውን ሳይረሳ፣ ከነብሎኑ ተዘርግቶ።

ምኑ ይቆረጣል? «የፊኛው ጣሪያ፣ ክሩ በሙሉ፣ እምብርትዎም።»
«እምብርቴ?»
«እምብርትዎ። ጫፉን ትቶ መስመር ማንሣት የለም።»
ፉሳኤ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ የፈራ ሰው ሳቅ ነው።
«ፍል ውሃ ስትገባ እንግዲህ፣ በፎጣህ ሸፍነው።»

እኛ ዘንድ እትብት አይቀበርም፤ ደርቆ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣
ጣት በምታህል የእንጨት ሣጥን ይኖራል፣ ከእናት መሳቢያ ውሎ።
እናቴ ቶሜ ሰማንያ ስምንቷ ነው፤ በአባቴ ስም ትጠራኛለች።
በአረጋውያን ቤት፣ መስኮት ዳር፣ መርከብ ትቆጥራለች።
መሳቢያዋን ሳብሁ። ከድሮ ደረሰኝና ከሹራብ መካከል
ሣጥኗ ነበረች፤ በእናቴ እጅ፣ ክዳኗ ላይ፣ «ሦስት ኪሎ ከሩብ» ይላል።
ውስጧ ጥቁር፣ ደረቅ፣ የዘቢብ ግንድ የሚያህል፤ ምንም።
በዚህ ነው የምሞተው? ልላት ነበር፤ አልተናገርሁም።

ስነቃ እርጥብ ጥጥ በከንፈሬ፣ በቱቦ የሚንጠባጠብ ሽንት፣
ሆዴን ቁልቁል ለሁለት የከፈለ ቀጥ ያለ ስፌት።
የከተማውን እምብርት በቀን ዐሥር ጊዜ የማቋርጥ ሰው፣
የራሴን ስፈልገው፣ ጣቴ ፋሻ ነው የዳሰሰው።

ጠርዙ ንጹሕ ነው አሉ። አንድ ንፍፊት ግን
አይደለም።
ስድስት ወር ኬሞ። ብርድ እንዲህ እንደሚናከስ አላውቅም፤
ብረት ስነካ ጣቴን መርፌ ይወጋኛል፤
ከማቀዝቀዣ ወተት ማውጣት በጓንት ሆኗል።

በሰኔ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ፀሐይ ላይ ሳወጣት፣
ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሸሚዜን ገልጬ አሳየኋት።
ስፌቱን በአውራ ጣቷ ቁልቁል ተከተለች፣
መሃሉ ላይ ቆመች። ፈለገች።
ከዚያ፣ ዕቃ የጠፋበት ልጅ እንደሚባል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«አትጨነቅ» አለችኝ። «መሳቢያ ውስጥ ነው። ማንም አይነካውም፤ እኔ ጋ።»

በየሦስት ወሩ ካሜራው ይመለሳል። ሂሩማ ስክሪኑን ታዞርልኛለች፤
«እስካሁን ደህና» ትላለች።
ፊኛዬ ትንሽ ናት አሁን፤ አርባ ስምንት ደቂቃ አትችልም።
አጭሩን መስመር ሰጡኝ።
ቅር አላለኝም።