ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ

አቃቂ ደክሞት ከሐይቁ ሲደርስ፣
የከተማን ጓዝ ደለል ላይ ሲያፈስ፣
ፌስታል፣ የቆዳ ቁራጭ፣ ጫማ የግራው ብቻ፣
ጎማው የወለቀ የልጅ መጫወቻ፣
እዚያ ነኝ፣ አባ ሳሙኤል፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ፣
የፊላ ችግኝ ይዤ፣ በዚህ ሽበቴ።

ሲፈን፣ የፕሮጀክቱ ሰው፣
ካርታዋን ዘርግታ፣ ነፋስ እየነጠቀው፣
«ይኼ ቦይ ባይኖር ረግረጉ አይደርቅም ነበር፤
ማን ቀደደው?» አለች።
ዝም አልኩ፤ ጎንበስ አልኩ ችግኜን ልቀብር።

እኔ ነኝ የቀደድኩት፤ ያኔ ጎረምሳ፣
አንድ በጋ ሙሉ፣ እኔና ዱጋሳ፣
በሁለት ዶማና ባንድ አካፋ።
ውሃው ሲሸሽ ጊዜ፣ ጥቁሩ አፈር ሲታይ፣
እንደ ሠርግ ጨፈርን ጉብታው ላይ።
ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው ሲደርስማ
አይሱዙ ጭኖት ይሄዳል፣ ሌሊት፣ ለከተማ።
የልጆቼን ደብተር፣ የቤቴን ቆርቆሮ፣
ያ ቦይ ነው የሰጠኝ፤ ምን ልበለው ዘንድሮ?

መጀመሪያ ይብራው ቀረ። ግድ አላለንም።
ሳቢሳው ቀረ። ሳቢሳ ጎመን አይገዛም።
ከዚያ ግን ውሃው ራሱ፣ የሚያጣራው አጥቶ፣
ከፋብሪካ እንደወጣ ወረደ፣ ሐምራዊ ቀለም ለብሶ።
ዱጋሳ ሦስት ላም ቀበረ ባንድ ሌሊት።
ፊላው ኖሯል ለካ የወንዙ ኩላሊት።

አምና የተከልነውን ሐምሌ ጠራረገው፤
ሥሩ ሳይይዝ፣ ግማሹን ግድቡ ላይ አገኘነው።
ባዶውን ቦታ አረም ወርሶት አደረ።
ዱጋሳ ከዳር ተቀምጦ፣ ራዲዮኑን ቀንሶ፣
«አላልኩህም? ውሃ ቢወቅጡት» አለ፣ «መልሶ…»
ቀሪውን አልጨረሰው።
ፊታችን ተኝቶ ነበር፣ እንቦጩ፣ እንዳለ፣ በሰፊው።

ዘንድሮ ተማርን። አሸዋ በጆንያ፣ ካስማ በመዶሻ፣
መጀመሪያ የቦዩን ጉሮሮ፣
ችግኙን በመጨረሻ።
እጄ ያንን ዶማ አልረሳውም፤ የቀደደበትን ሥፍራ
ሳላይ ያገኘዋል፣ ጭቃ ውስጥ፣ በዳበሳ።

ትናንት ዕቃ ስናጥብ ነገርኳት።
«ሲፈን፣ ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።
ቀና አላለችም። አዲስ ገጽ ገለጠች፤
«ጥልቀቱ ስንት ነበር?» አለች።
እጄን ደረቴ ላይ፣ እዚህ ድረስ፣ አሳየኋት።
ጻፈችው።

ነገ ሁለት መቶ ጆንያ ይመጣል፣ ባዶውን።
አካፋው ዱጋሳ ቤት ነው።
ማታ ሄጄ ልጠይቀው።