ሣሩ ሲደርስ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር። ውርጩ አፈሩን ነክሷል።
አስር አለቃ ናደው በርኖሱን ደርቧል።
እኔ ቅጽ ይዣለሁ፤ ብዕሬ ደርቆብኝ
በትንፋሼ ሳሞቅ፣ ፈገግ ብሎ አየኝ።

«የጓሳውን ሕግ ነው ልንጽፍ የመጣነው፣
ያባት ያያቱን፣ ቀሮ የሚባለው።
እንዳይጠፋ ብለን፣ ማኅተም እንዲያገኝ…»
«ጻፍ» አለኝ። «ጠይቀኝ። ግን ቀስ ብለህ ስማኝ።»

«ጓሳ ከተዘጋ፣ በስንት ዓመት ይከፈታል?»
«ሣሩ ሲደርስ።»
«እሱማ ነው አባ፤ ቅጹ ግን ቁጥር ይላል።»
«ሣሩ ሲደርስ።»
«ሦስት ነው? አምስት ነው?»
«አንዳንዴ ሦስት ነው፤ አንዳንዴም ሰባት ነው።
ዝናም እንደ ጣለው፣ ውርጭ እንደ መታው፣
ጣራው የፈረሰ ድሃ እንደ በዛው።
አባ ቀራው ወጥቶ፣ ሣሩን በእጁ ጨብጦ፣
ከጉልበቱ ለክቶ፣ ጉብታው ላይ ተቀምጦ፣
ዝም ይላል።
ዝም ይላል።
ማጭድ የሚሳለው ከዚያ በኋላ ነው።»

እኔም ጻፍሁ፦ ሦስት።

የብዕሬን ጫፍ አየ። ማንበብ ያውቅ ነበር፤
ፊደል የቆጠረው በድንኳን ውስጥ ነው፣ በኮርያ ምድር።

«ልጄ» አለኝ፣ «አንድ ሰው ነበር፣ አስተርጓሚ፣
ፓክ የሚሉት፣ ሽበታም፣ የሳል ታማሚ።
በረዶ ሲከመር ከምሽጉ አፋፍ ላይ
ያገሩን አወጋኝ በቆርቆሮ እሳት ላይ።

‹ልጅ ሳለሁ› አለኝ፣ ‹ጃፓን አገሬን ሲይዝ፣
ሹም መጣ ከቤታችን፣ ባለ መነጽር፣ ባለ ወረቀት ጓዝ።
አባቴ ያገር ሽማግሌ፣ በነጭ ልብሱ ተቀምጦ፣
እኔ ቀለም ስፈጭ በድንጋይ፣ ጣቴ ጠቁሮ ተለውጦ፣
ሁለት መቶ ስድስት ጥያቄ፣ አንድ በአንድ ተጠየቀ፦
ባል የሞተባት ምን ትይዛለች? ቤት የማን ነው? ማን ዘለቀ?
አባቴ መልሱ አንድ ነበር፦ እንደ ሰዉ፣ እንደ ነገሩ።
ሹሙ ግን ጻፈ፦ አይቻልም። ጻፈ፦ ይቻላል። ጻፈ፦ ነው።
‹እንደ ነገሩ› ለሚል ቃል መዝገቡ ቦታ የለው።

ዓመታት አልፈው አክስቴ፣ ባሏ ሞቶባት፣
ከችሎት ቆመች፤ ዳኛው መጽሐፍ ገልጦ ፈረደባት።
«ይህ የእኛ ሕግ አይደለም» አለ፣ «የናንተው ልማድ ነው፤
አባቶቻችሁን ጠይቀን ካፋቸው የቀዳነው።»
አባቴ ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣
የገዛ ቃሉ ሲፈርድ በሌላ ሰው ግርማ።
‹አልዋሸሁም› ይል ነበር እስኪሞት፣ ‹አልዋሸሁም፤
ያም ሰው አልዋሸ ይሆናል። ብቻ አልጠበቀኝም።›»

ናደው ዝም አለ። ውጭ ጭላዳ ይጮኻል።
«እኛንም» አለ ቆይቶ፣ «የሚጠይቅ መች ጠፍቷል።
ጣሊያን አባቴን ጠየቀው፣ ደብረ ብርሃን አስጠርቶ፤
አባቴ ‹አላውቅም› አለው፤ ተመለሰ ጅራፍ በልቶ።
አንተ ግን የእኛው ልጅ ነህ፣ የሞላሌ፣ የገበሬው፤
ላንተ ‹አላውቅም› አልልም። ይኸው ነው የከፋው።»

ቅጹ ተተየበ፤ ማኅተም አረፈበት።
አንቀጽ አራት፦ ጓሳ በየሦስት ዓመት።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። በልጉ ቀርቶ፣
ሣሩ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፣ ገርጥቶ።
ሰዉ ግን ማጭድ ይዞ ወጣ። ሸዋንግዛው ከፊት ቀድሞ፣
«ሕጋችን ነው!» ይላል፣ «ያባቶቻችን!» ወረቀቱን ተሸክሞ።
ቤቱ ያፈስሳል። ልጆቹ በርዷቸዋል።
ሐሰት የለበትም፤ አንቀጹን በቃሉ ይዟል።

አባ ናደው ከጉብታው፣ በዘንጉ ተደግፎ፣
ሣሩን ጨበጠ። ከጣቱ አመለጠው፣ አጥሮ፣ ረግፎ።
ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይላል ያንተ ወረቀት?»

ያች ጠባብ ሳጥን ትዝ አለችኝ፣ ቁጥር የሞላሁባት።

«ሦስት ይላል» አልሁ።
«እኔ ምን ብዬህ ነበር?»

በዚያ ሁሉ ማጭድ ፊት፣ አፌን ከፈትሁ ልናገር፣
«ሣሩ…» አልሁ።
ነፋሱ ቀማኝ የቀረውን ነገር።