አምስት ኩንታል መኪና

ዕድሜዬን በሙሉ ክብደት ሸጬ ኖሬ፣
ቅለት ልግዛ አልኩኝ፣ በስልሳ ሦስት፣ ዛሬ።
ሰሊጥ ነበር ንግዴ፤ ከሳንጃ፣ ከመተማ፣
እኔ ያልመዘንኩት ጆንያ አልገባም ከተማ።
አውራ ጣትን ከዘንጉ ጫፍ ለአፍታ ማሳረፍ
በእኛ ቤት ሙያ ነው፤ በየጆንያው ሁለት ኪሎ ትርፍ።

አንድ ቀን፣ ወጣት ሳለሁ፣ በጭልጋ አቀበት፣
መቶ ኩንታል ተጭኖ ኤንትሬው ሲያቃስት፣
ትንሽ ቀይ መኪና፣ ጣሪያ የሌላት፣
ሽው አለች በጎናችን፣ አቧራም ሳይነካት።
ሹፌሩ ተሳደበ። እኔ ግን ዝም አልኩኝ።
ያን ቀን ነው ያዘዝኳት፤ ቀብዱን ዘንድሮ ከፈልኩኝ።

ሰፈር ሰምቶ ኖሮ፣ ቀበሌ አሥራ ሁለት፣
"ፈረደ ቀለለ" ሲል ሰማሁት በዕድር ቤት።
እውነት ነው፤ ለዚሁ ነው ገንዘብ የከፈልኩት።
ጥሩወርቅ፣ ባለቤቴ፣ ጠየቀችኝ አንዴ፦
"ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ወይስ ብቻህን ነህ እንዴ?"
መልሱን አላወቅሁም።

"ፋብሪካ" ይላታል አዛናው። አዘዞ፣ ከጋራዦች ጀርባ፣
የድሮ እህል መጋዘን። ጎንበስ ብዬ ስገባ
ሻንሲዋ ቆማለች በአራት በርሜል ላይ፣
የጣና ዓሣ አጥንት፣ ሥጋው ያለቀ መሳይ።
"ይቺው ናት?" አልኩት፣ ዞሬ ዞሬ አይቻት፤
"ገና ናት" አለኝ፣ "ብዙ አልቀነስኩላት።
አምስት ኩንታል ብቻ፤ ካለፈች አልሸጥም።
እርስዎ ይመዝኑልኝ፤ በሌላ ሚዛን አላምንም።"

ሞተሩ ከተጋጨ ቪትዝ ነው፤ መብራቱ ከባጃጅ፤
ወንበሩን የሚሰፋው ኮርቻ ሠሪ ነው፣ የማራኪ ልጅ።
ብረቱን ይበሳል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፤
"ሥራ የሌለው ብረት የመንገድ ነው ዕዳ።"
ፍቅፋቂውን በጣሳ ያጠራቅማል፣
"ሦስት ኪሎ ከግማሽ!" ብሎ እንደ ቅቤ ያሳየኛል።
ጣሪያውን አስቀረ። ሬዲዮ አስቀረ። በሩንም አስቀረ።
"ዝናብ ቢመጣስ?" ብለው፣ "ይፍጠኑ" ብሎ ተናገረ።

ከሁለተኛው ወንበር ደርሶ ጠመኔውን አነሣ፦
"አሥራ አንድ ኪሎ ነው። ልተወው ወይስ ላንሣ?"
ነጋዴ ነኝ፤ አሰላሁ አሥራ አንድ ኪሎ በገንዘብ፤
ጥሩወርቅም መጣች፣ ከነነጠላዋ፣ በሐሳብ።
"ተወው" አልኩት። "ይክበድ።"

"አሁን እርስዎ ይመዘኑ" አለኝ፤ "ወንበሩም መሪውም
በልክዎ ነው የሚቆረጥ፤ ሌላ ሰው አይነዳትም።"
እንየው የሚሉት በያጅ ሚዛን አመጣ፣
የመጋዘኑን ሚዛን፣ ዝገቱ ያልወጣ።
አርባ ዓመት ሙሉ ቆሜያለሁ ከሚዛን ጎን፤
ላዩ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ይሆን?

ልጁ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን እያስተካከለ፣
"አባቴ ያውቅዎታል፤ ከሳንጃ ሰሊጥ ያመጣ ነበር" አለ።
የአባቱን ስም ጠራ። አላስታወስኩትም።
(ሐሰት ጻፍኩ። አስታውሳለሁ፣ ሁሉንም።)
ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ከሚዛኑ አራቀ፤
ዘንጉ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ማንም አልሳቀ።
"ሰባ አራት ከግማሽ።" ጻፈው በጠመኔ
ከሻንሲው ቱቦ ላይ። ያ ቁጥር ነኝ እኔ።

በባጃጅ ተመለስኩ፣ ሲመሽ፣ ወደ ፒያሳ፣
ሦስት ሰው ተጭነን፣ ዳገቱ ላይ ስታገሳ።
በሯ የለም፣ ጣሪያዋ የለም፣ ሬዲዮውም ቀረ፤
አሥራ አንድ ኪሎ ወንበር ለጥሩወርቅ ኖረ።
ቆጥሬ ስጨርስ፣ ጉልበቴ ላይ ተኝቶ አየሁት
ቀኝ አውራ ጣቴን።
እሱን አላስመዘንኩት።