አንኳኩ

የዶሪን ኮዋልቹክ ጎሚስታ፣ ሳስካቱን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፤
ድረ ገጹ ሲያምር! ሰዓቱ በፎቶ፣
ዋጋው በሚሽከረከር ጎማ ተጋርዶ።
ማሽኑ ግን ሥዕል አያይ፣ ፊደል ነው የሚዳስስ፤
«የሉም» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ ደጇ ሳይደርስ።

ጌጡን ገፈፍኩት፤
ስም፣ መንገድ፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ በተራ ቃል ጻፍኩት።
ቅኔ ቤት የከረምኩት፣ ወርቅ በሰም ስሸፍን፣
እዚህ ሰሙን አቅልጬ ወርቁን ብቻ ስመዝን!

ዶሪን አነበበች። «አንድ ቀርቶሃል» አለች፦
«ማታ ዝግ ነን። ብርድ ከሆነ ግን አንኳኩ።»
«ይሄ መረጃ አይደለም» ብላት፣
የግሪስ አሻራዋን ስክሪኔ ላይ ትታ ሄደች።

ጥር። ከዜሮ በታች አርባ። ጎማው የፈነዳበት ነጂ
ስልኩን በደነዘዘ ጣት ነካ፤
«ዝግ ነው» አለው ማሽኑ፣
«ብርድ ነውና ግን፣ አንኳኳ።»