ሐሞት ሳይፈስ

አሞራ ገደል ላይ፣ ታንኳ ሲጠጋ ጧት፣
ቆሮሶ መበለት ነው የኔ ሙያና ሀብት።
አባ ኮዳ ቆሞ፣ እንደ ጡረተኛ፣
አንጀት ይጠብቃል፣ የማይሰለች ዳኛ።
የዚህ ሥራ ምሥጢር አንዲት ናት፣ ጥንቃቄ፤
ሐሞት እንዳይፈርጥ በአውራ ጣት ጠብቄ
ማውጣት ነው በቀስታ፤ ጫፉ ከተነካ
ሥጋው ይመርራል፣ ደንበኛም አይረካ።

በሠላሳ አራቴ፣ ክረምቱ ሲገባ፣
ፊቴ ክብ ሆኖ ቀላ እንደ አበባ።
ሰፈሩ ተገርሞ «ደላት» አለ፣ «ተመቻት!
ሌዳሞ ምን ቢያበላት፣ ምንስ ቢያጠጣት?»
ፀዳለ መጣችና ክንዴን ቆንጥጣ
«ምሥጢሩን ንገሪኝ፣ ለኔም ይምጣ፣ ይምጣ!»
የጣቷ ምልክት ክንዴ ላይ ጠቁሮ
ሁለት ሳምንት ባጀ፣ እንደ ዕዳ ተቆጥሮ።

ማንም አላየልኝ ሌሊት ዓይኔ ሲፈጥ፣
ከበርጩማ ስነሣ ጉልበቴ ሲቀልጥ፣
ጢም እንደ ጎረምሳ አገጬ ላይ ሲበቅል፣
በሻሽ ጫፍ ሸፍኜ ከደንበኛ ስከለል፣
ከአንገቴ ሥር ደግሞ፣ እንደ በሬ ሻኛ…
የወር አበባ ቀርቶ ሆዴም ሲገፋ
ሌዳሞ የሕፃን ኮፍያ ገዛ በተስፋ።

ቢጫ ነው። ሣጥን ውስጥ አለ።

ለስኳር፣ ለግፊት ብለው ሲያመላልሱኝ
አንዲት ተለማማጅ «ሆድሽን ግለጪ» አለችኝ።
ጣት የሚያህል ሰንበር፣ ሐምራዊ፣ እንደ ጅራፍ፣
ተጋድሞ አገኘችው ከጎን እስከ ጫፍ።
«የድሮ ፎቶ አለሽ?» መታወቂያዬን ሰጠኋት።
አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ስታይ
ሁለት ሴቶች ነበርን፣ ያንዲት አልጋ ላይ።

የአንድ ቀንና ሌሊት ሽንት፣ በዘይት ጄሪካን፣
እንደ ልጅ አቅፌው ባጃጅ ላይ ወጣን።
ሾፌሩ «ዘይቱን ከየት አገኘሽ?» ቢለኝ
«ከራሴ ነው» አልኩት፤ ሳቅም አመለጠኝ።

«ከአንጎል ሥር ባቄላ የምታህል ዕጢ አለች፣
ለሰውነት ሁሉ ትእዛዝ ታድላለች።
እሷ ላይ የበቀለ፣ ምስር ያህል እብጠት
‹ኮርቲሶል ጨምሩ› ይላል፣ ቀንና ሌሊት።»

ሐሞቴ ፈሰሰ። «ራሴን ልትፈልጡት?»
«የለም» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ዶክተር ወልደሰንበት፤
አፍንጫውን በጣቱ ነክቶ፣ «በዚህ በኩል፤
ምስሯን እንለቅማለን፣ ባቄላዋ ሳትቆስል።»

ጣቶቹን አየሁ። ቀጫጭን ናቸው።
«ዓሣ በልተህ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው
«ጥብሱን ነው የምወደው» አለኝ፤ አልገባው።
እኔ ያልኩት በቢላ፣ ሐሞት ሳይፈስ ነው።

ማክሰኞ ገባሁ። ብርሃን። ቁጠሪ አሉኝ፤ ሦስት ላይ ቀረሁ።

ስነቃ አፍንጫዬ በፋሻ ተጠቅጥቆ
በአፌ እተነፍሳለሁ፣ እንደ ዓሣ ከሐይቁ ርቆ።
«አትናፈጪ» አሉኝ፣ «ደግሞ አታጎንብሺ፤
ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ካለ፣ መጣራት እንዳትረሺ።»

«ቁጥሩ ወረደ፣ ተሳክቷል» አሉኝ በደስታ፤
እኔ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር ያን ማታ።
አጥንቴ እየጮኸ፣ እንክብል እየዋጥኩ፣
ክረምት ሄዶ በጋ፣ ከአልጋ ሳልወርድ ዋልኩ።
ሌዳሞ ከሐይቁ ሲመለስ ምንም አይሸተኝም፤
እጁን አሸተትኩት፣ አንገቱን። ምንም።

ፊቴ ቀስ በቀስ ወደ መታወቂያው ሲመለስ
ፀዳለ መጣች፣ ነጠላ ደርባ፣ ልታለቅስ።
«ምን ነካሽ? ከሳሽ እኮ! ማነው የቀናብሽ?»
«ዳንኩ» አልኳት። «ውይ!» አለች፣ «እንዲህ ከስተሽ?»

በየስድስት ወሩ ደም ልሰጥ እሄዳለሁ።
ምስሯ ትመለሳለች አንዳንዴ፤ ነግረውኛል፤ አውቃለሁ።

ትናንት ግን፣ ከመጀመሪያው ታንኳ ቆሮሶ ሲወጣ
ድንገት ሸተተኝ፦ ቅርፊት፣ ጭቃ፣ የሞተር ናፍጣ።
ቢላዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ።
ከዚያ አውራ ጣቴን አስገባሁ።
አረንጓዴዋ ከረጢት ሙሉዋን፣ ሳትፈርጥ፣ ወጣች፤
አባ ኮዳው አንገቱን አሰገገ፣
ወረወርኩለት።