«ከ» የጎደለው ማመልከቻ

የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ፣ በነሐሴ ዶፍ፣
ጅማ ስትታጠብ፣ አዌቱ ሲጎርፍ።
የታይፕ መኪናዬን ሸፈንኩ በማዳበሪያ፣
«ጡረታሽ ደረሰ፣ እረፊ እንግዲያ!»

ሂርማታ ገበያ፣ ናዚፍ ሱቅ ገብቼ፣
ላፕቶፕ ገዛሁ አዲስ፣ ብሬን ቆጥሬ ሰጥቼ።
ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣ ሽታው እንዳዲስ ጫማ፣
ክዳኑ ሲከፈት፣ ድምፅ እንኳ አይሰማ።
«የአንድ ዓመት ዋስ አለው» አለ፣ ወላሂ ብሎ፣
ማህተሙን አሳረፈ፣ ትንፋሹን አክሎ።

እኔ ዋስ አውቃለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሰዎች እየማሉ፣
ዋስ ሲጠሩ፣ ዋስ ሲጠፋ፣ ዋስ ሲክድ ጽፌአለሁ፤
ያን ቀን ግን አመንኩት፤ እንደ ጨቅላ አቅፌአለሁ።

ሦስት ቀን ሠራ።

በአራተኛው ጠዋት፣ ከስክሪኑ መሐል፣
አንድ አረንጓዴ መስመር፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።
ባለጉዳይ ሁሉ፣ አጮልቆ እያየኝ፣
«የወሰን ክርክር ነው?» ብሎ ቀለደብኝ።
ከዚያ ባትሪው ነፋ፣ እንደ ቦካ ሊጥ፣
ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ብጫነው ብገለብጥ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት።
በሰባተኛው ቀን ግን፣ ጣቴን ባሳርፍበት፣
ዝም አለ አንዱ ቁልፍ፤ «ከ» የሚወጣበት።

መጀመሪያ ሳቅሁኝ፤ ፊደል መቼ ጠፋ፣
አንዲት «ከ» ብትሞት፣ ሰማይ ላይደፋ።
አባ ዲኮ መጡ፣ ከሰቃ፣ በጠዋት፣
በግጦሽ መሬታቸው ሊያሰሙ አቤት።
ጻፍኩኝ፦ «ለ…ቡር ፍርድ ቤት»፤ ክብሩ ወልቆ ቀረ፣
«…ሳሽ» ብዬ ስቀጥል፣ ከሳሹ ከስቶ አደረ።
በኦሮምኛ ልሽሽ ብል፣ «ከበጃ» ነው ክብር፣
እዚያም ያቺው ሟች ናት፣ ከመነሻው በር።
ለካ ክብርና ክስ፣ ሁለቱ ተጣብቀው፣
ባንዲት ጥቁር ቁልፍ ሥር፣ ኖረዋል ተደብቀው።

አጂፕ ላይ ራሊያ አለች፤ ኪቶ ፉርዲሳ የተማረች፣
ብሎኑን አንድ ባንድ፣ በማግኔት ለቀመች።
ገልጣ አየች፤ ዝም አለች፤ ባትሪውን አወጣች፣
ከዚያ በትንሽ መቆንጠጫ፣ እየጠቆመች፦
«ጋሽ ዘርጋው፣ አዲስ ነው ብሎ የሸጠልዎ ማነው?
ከአሥሩ ብሎን ስድስቱ የለም፣ ሙጫ ነው የያዘው።
አቧራውን ይዩት፤ የጅማ ቀይ አይደል፣
ነጭ ነው፤ የሌላ አገር፤ ከርሟል እዚህ መሐል።»
ደግሞ «ከ»ን ነቀለችና፣ ከሥሯ፣ ከጎድጓዳው፣
የጥፍር ስባሪ አወጣች፤ ቀይ ቀለም የነካው።

የማን ትሆን? አላውቅም። የት አገር፣ በምን ሌሊት፣
ምን ስትጽፍ ተሰበረች? ክስ ይሆን? ወይስ ስንብት?
ራሊያ ቁልፉን መለሰችው፤ «ሥሩ ተቃጥሏል፣ አይድንም» አለች፤
ጥፍሯን በክብሪት ቀፎ አድርጋ፣ ከመልሴ ጋር ሰጠች።

ሌሊቱን አንቀጽ ሳስስ፣ ናዚፍን ስከስ አነጋሁ፤
ጠዋት በባለጉዳይ በርጩማ፣ ራሱን ናዚፍን አገኘሁ።
ዝናብ በልቶታል፤ ጫማው ጭቃ ነው፤ ሰላምታም አልሰጠ፤
«አሥራ አራት ናቸው» አለኝ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ።
«ሁሉም ተመለሱብኝ። የመርካቶው አከፋፋይ ስልኩን ዘጋ።
ጻፍልኝ፣ ጋሽ ዘርጋው። ግን እባክህ፣ በቀላል ዋጋ።»

አየሁት። አየኝ። አረንጓዴው መስመር እንደቆመ ቆሟል።
ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ጣቴ ግን ጀምሯል።

«ከ» በሚገባበት ሁሉ፣ ባዶ ቦታ ተውኩኝ፣
አሳትሜ፣ እስኪሪብቶ አንስቼ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩኝ፦
ለ ክ ቡር። ተ ከ ሳሽ። ማመል ከ ቻ።
ከሳሽ አንድ፦ ናዚፍ አባ ዋሪ።
ከሳሽ ሁለት፦ እኔው፣ ዘርጋው፣ ጸሐፊው።
አባሪ፦ አንድ የዋስትና ወረቀት፤
አንድ የክብሪት ቀፎ፣ ውስጡ የጥፍር ስባሪ።